ደረቷን አትጫን

የኅዳር ውርጭ ጥሎ ሜዳው ጨው መስሏል፤
የክሊኒኩ ቧንቧ ውሃው ረግቷል።
እትዬ በለጥሻቸው ከበሩ ቆመዋል፣
በቅርጫት ጭልፊት ይዘው፣ በሻሽ ሸፍነዋል።

«እኔው ነኝ የመታኋት፣ በመጥረጊያ እንጨት፤
ሦስት ጫጩት በልታብኝ አራተኛዋን ስታነሣት።
ኋላ ግን ወድቃ ሳያት፣ ክንፏ ተንጠልጥሎ፣
ዓይኗ ግን አልወደቀም…
እንጃ፣ እግሬ ይዞኝ መጣ፣ ልቤን እምቢ ብሎ።»

ዶክተር አስካለ መዘነቻት፤ ስምንት መቶ ግራም።
«ይህን ሁሉ ክስ ይዛ ኪሎ እንኳ አትሞላም።»
ከአንገቷ ሥር ቋቷን በጣቷ ዳሰሰች፤
«ባዶ ነው፣ ይሁን» አለች፣ ጭምብሉን አጠለቀች።
ጋዙ ሽው ሲል ያ ቢጫ ዓይን ቀስ እያለ ተከደነ፣
የሰማይ ሌባ ጠረጴዛ ላይ እንደ ጨርቅ ሆነ።

ከዚያ ቀጭኗን ቱቦ፣ ፊኛ የሌላትን፤
የወፍ ጉሮሮ ቀለበቱ ሙሉ ነው፣ አያውቅም መለጠጥን።

የእኔ ሥራ መስማት ነው። አልቆርጥም፣ አልሰፋም።
ክር በምታህል የክንፍ ደም ሥር ላይ መስሚያዬን አስጠግቼ
ሹክ ሹክ ሹክ ሹክ የሚለውን እቆጥራለሁ አንገቴን ደፍቼ።
ሥራ ስጀምር የተነገረኝ አንድ ነገር ነው፦
«ደረቷን አትጫን።
እኛን የሚያስተነፍሰን መጋረጃ በእሷ ሆድ ውስጥ የለም፤
የደረቷ አጥንት ካልተነሣ አየር አይገባም።
እጅህ ለማባበል እንኳ ቢያርፍባት ትታፈናለች።»
ከዚያ፣ ለራሷ እንደምታወራ፣
«በእኛ አጥንት ውስጥ መቅኔ አለ፣ በእሷ አጥንት ውስጥ ነፋስ» አለች።

በሃያኛው ደቂቃ መብራት ሄደ።
የማሞቂያው አምፖል ፍም መሰለና ጠቆረ፤
የደብረ ብርሃን ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ ገብቶ አጠገባችን ቆመ።
መስሚያዬ በባትሪ ነው፤ እሱ ቀጠለ።
«ሙቀቷ?» «ሠላሳ ስምንት ተኩል።» «ወርዷል!»
ለእኛ ትኩሳት የሆነው ለእሷ ጤናዋ ነው፤
ለእኛ ደኅና የሚባለው እሷን ይገድላል።

እትዬ በለጥሻቸው ከወንበራቸው ዘለው
ብርድ ልብሳቸውን ገፈፉ፣ ባለ ቀይ ጥለቱን፣ የእኛኑ ፋብሪካ ሥራ፤
ሊያለብሷት ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ፦ «ይከብዳታል፣ አደራ!»

ሀገር የምታለብስ ከተማ
ለአንዲት ጭልፊት የሚሆን ብርድ ልብስ አጣች።

ቡታ ጋዝ ለኮሱ። በሃይላንድ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልተው፣
ጠርሙሱን በካልሲ፣ ከእግራቸው ባወለቁት፣ አልብሰው
ግራና ቀኝ አስተኙላት። በላይዋ ስስ ፌስታል።

ያኔ ሹክሹክታው ራቀ።
ሹክ…

ሹክ…

ደረቷን አየሁ። ቆሟል።
«ጋዙን ዝጊው!» አልኳት፤ ዶክተሯን ሳዝ የመጀመሪያዬ ነው።
የአየሩን ከረጢት በሁለት ጣት፦ ጨመቅ፣ ለቀቅ፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣
ጨመቅ፣ ለቀቅ።
እትዬ በለጥሻቸው ከጀርባዬ አብረውኝ ይቆጥራሉ፤
የተበሉ ጫጩቶችን በቆጠሩበት አፍ
የበላተኛዋን ትንፋሽ ይቆጥራሉ።

ስንት እንደደረስን አላውቅም።
የደረቷ አጥንት፣ ያ ስለት፣
ፈራ ተባ እያለ ተነሣ።
ራሱ።

ስትነቃ በፎጣ ይዣታለሁ፣ ላላ አድርጌ፣ ቀና አድርጌ፤
ጥፍሯ ጓንቴን በስቶ አውራ ጣቴን አገኘው።
«አመመህ?» አለች ዶክተሯ። ሳቄ መጣ።

«ድና ደግሞ» አሉ እትዬ በለጥሻቸው፣ ለሂሳብ መቀነታቸውን እየፈቱ፣
«አራተኛዋን ልትበላብኝ ነዋ?»
ማናችንም አልመለስንላቸውም።
ካልሲያቸውን አጠለቁ፤ እርጥብ ነው።

ማታ ቤቴ ገባሁ። ልጄ እስከ አገጯ ተጠቅልላ ተኝታለች፤
እናቷ ሁለት ደርባባታለች፣ ጋቢም ጨምራ።
ውጭ ውርጩ ሣሩን ያንኮሻኩሻል።
የስልኬን ባትሪ አበራሁ፤ ቆጠርኩ፤
ጋቢውን ብቻ፣ ቀስ ብዬ፣
ከደረቷ ላይ አወረድኩ።