ያዝልኝ

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በቬልበርት ፋብሪካ፣
ፒኑን ከሞላው ጋር ሳጋባ፣ ስለካ፣
አንድም ቀን አላልኩም «እንዴት ይከፈታል?»
የመዝጋት ደመወዝ መክፈትን መች ያውቃል።

ጡረታ ስወጣ እጄ ሥራ ፈታ፤
ከዳቦ ቤቱ ሥር፣ ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣
ስድስት ሰው አገኘሁ ቁልፍ የሚጎረጉር፤
ጥርስ ሐኪም፣ አናጢ፣ አንድ ያውቶቡስ ሾፌር።
ሕጋቸው አንዲት ናት፣ በሩ ላይ በጠመኔ፦
«የምትከፍተው ቁልፍ ያንተ ይሁን ወይ የኔ።»

ያኔ ሁለት እጅ ነበረኝ።
ግራው ይይዛል፣ ቀኙ ይጠይቃል።
መዳፍ ውስጥ ያደረ ጓጉንቸር አይዋሽም፤
አንዲት ፒን ቦታዋን ስትይዝ
የተኛ ሕፃን ትንፋሽ ያህል ትነካካለች፤
ጆሮዬ ሳይሰማ
ግራ እጄ ይሰማ ነበር።

በየካቲት፣ ገና ሳይነጋ፣
ብርጭቆ ከግራ እጄ ወደቀ።
እኔ አልለቀቅኩትም።

ከሆስፒታል ስመለስ ሞርሳ ገዛሁ፣
ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ጠርዝ በብሎን አሰርኩት።
ሲሊንደሩን ነከሰልኝ፣ ጠበቀ፣ አልተነቃነቀ፤
ሽቦዬን ብሰድ፣ ብመልስ፣
ነሐሱ ዝም።
አጥብቆ የያዘ ሁሉ የያዘውን አያውቅም።
ከአሮጌ ቦርሳዬ ቆዳ ቀድጄ
መንጋጋውን ግራና ቀኝ አለበስኩት፤
ትንሽ ተናገረ፤
ከሩቅ አገር እንደተደወለ ስልክ፣ እየተቆራረጠ።

በጉልበቴ መሀል ሞከርኩ፤ ቀሚሴን በላው።
በብስክሌት ካላማዳሪ ጠምጥሜ
ከወንበሩ ክንድ ጋር አሰርኩት፤
መወጠሪያውን ስጫን እንደ ዓሣ ያመልጣል።
አናጢው ከተጣለ በር አንድ ክንድ ጣውላ ቆርጦ፣
ሦስት ቀዳዳ በስቶ፣ ከሥሩ እግር አበጅቶ አመጣልኝ፤
ሦስት ቁልፍ ደርድሬ አቆምኩት።
በር የሌለው በር።
ሦስቱንም ከፈትኳቸው፣ አልዋሽም፤
ግን ከኋላው ያው የኔው ወጥ ቤት ነበር፣
ያው ያልታጠበ ድስት።

ሾፌሩ ዲትማር ሐሙስ ሐሙስ መጥቶ ይወስደኛል።
በአራት ዓመት ሁለት ቁልፍ ብቻ የከፈተ ሰው፤
ሁለተኛውንም ተበላሽቶ ነው ይላሉ።
ወሬ አያበዛም። መሪ ሲይዝ እንጂ
እጁን ከኪሱ አያወጣም።

አንድ ማታ የሞርሳው ብሎን ጥርሱ ተበላ፤
ሲሊንደሩ ወለሉ ላይ ተንከባለለ።
ዲትማር አነሳው፣ አገላበጠው፣
የት እንደሚያኖረው ግራ ገባው።
«ያዝልኝ» አልኩት።

«ከፍ አድርገው። ቀና። አትጨብጠው እንጂ!
እንቁላል ነው በለው።»
ኮቱን አላወለቀም። ከአጠገቤ ተንበረከከ።
የናፍጣና የብርቱካን ልጣጭ ሽታ አለው።
አንደኛዋ ገባች፤ ሦስተኛዋ፤ ሁለተኛዋ እምቢ ብላ
ቆይታ ገባች፤ አራተኛዋ።
አምስተኛዋ ላይ ሽቦዬ ገና እየፈለገ ሳለ
«አሁን» አለ።
እኔ ምንም አልሰማሁም።
መወጠሪያውን ጫን ባደርገው
ዞረ።

መዳፉን ዘርግቶ ቆየ፣
ወፍ ተነሥታ የሄደችበት ይመስል።

ሞርሳው ላይ አሁን የዕቃ ፎጣ አሰጣለሁ።

ባለፈው ሐሙስ አንድ ዝገታም ጓጉንቸር ይዞ መጣ፣
«ሃይድሩን፣ ዛሬ የእኔ ተራ ነው» አለ።
ቀኜን ዘረጋሁ። ራሱን ነቀነቀ።
ግራዬን ከጭኔ ላይ አነሣ፣
ጓጉንቸሩን መሀሉ አኖረ፣
ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈልኝ፣
ትንሿ ጣቴን ሁለቴ፣ እየተመለሰች ስላስቸገረች።

ብዙ ጎረጎረ። ላቡ ወረደ።
«ትሰሚያለሽ?» አለኝ።

«ገና» አልኩት።
«አንተ ቀጥል።»