ሺንጎ ሸንጎ ፊት

ስሙን ሲነግረኝ ሳቄ አመለጠኝ።
«ሺንጎ» ነበር ያለው፣ ጎንበስ ብሎ፤
እኔ «ሸንጎ» መሰለኝ፣
ላቡ ካንገቱ ወርዶ ኮሌታው ላይ ውሎ
ዋስ እንደራቀው ሰው ቆሞ ሳየው።
እኔም በተራዬ «ትርንጎ ነኝ» ስለው
ከንፈሩን ሁለቴ አሹሎ
«ቶሪንጎ» አለኝ። ተካካስን በቶሎ።

ሻርጃ፣ ከወደቡ ጀርባ፣ ከባሕር ድንጋይ በተካበ ቤት
ጨው ከግንቡ ይወጣል፣ ሌሊት ሌሊት።
ጠዋት እጠርገዋለሁ። ከዚያ እንግዲህ ሥራዬ
ጥግ ካለችው ነጭ ፕላስቲክ ወንበሬ
ሳልነሣ «አትንኩ» ማለት ነው፣
በሦስት ቋንቋ።

ሦስት ሆነው መጡ፣ አራት ሣጥን ይዘው፣
ካገራቸው ውጭ ሥራቸው ሲታይ መጀመሪያቸው ነው።
ካዮ ብርጭቆ ትነፋለች፤
ጉምሩክ አንዱን ሰብሮባት፣ ስብርባሪውን በመሐረብ ቋጥራ
ወለሉ ላይ ተቀምጣ ቀዝቃዛ ሩዝ በላች፣
ከማንም ጋር ሳታወራ።
ማዶካ በክር ወንዝ ትሰፋለች፤ መርፌዋን ግን ረስታ
ከጎረቤት ልብስ ሰፊው፣ ከማላባሩ ኩንሂ፣
ተበደርኩላት የዚያን ለታ።

የሺንጎ ወረቀት ብቻ ነው።
ሰው እያነሰ በሄደበት ከተማው
በተዘጋ ሱቅ መዝጊያ ላይ ወረቀቱን ዘርግቶ፣
በከሰል እያሸ የቆርቆሮውን ሽንትር አውጥቶ
ዐሥራ አንድ በር ተሸክሞ መጣ፤
የጸጉር አስተካካዩን፣ የዓሣ ሻጩን፣
ተማሪ ስለጠፋ የተዘጋውን የዩኒፎርም ቤት፣
የእናቱን የአዝራር ሱቅ።
ወበቁ ገብቶ ወረቀቱ ሲያብጥበት
ማራገቢያ ደቅኖ ሲያገላብጠው አደረ፣
እንደ ትኩሳታም ልጅ።

የመክፈቻው ማታ
ቴምሩ ከእንግዳው በዛ።
የመጡትም ጀርባቸውን ለሥዕሉ ሰጥተው
ፊታቸውን በስልክ አነሡ፣ ዞረው ዞረው።
አንዲት ባለ ጥቁር መነጽር፣ ዐዋቂ ነኝ ባይ፣
«ደስ ይላል» ብላ አለፈች ወደ ሻይ።
ደስ የሚል ነገር አልነበረበትም።

በሩ ሲዘጋ መጣ፣ ፊቴ ቆመ፣
ሁለት እጁን ከጎኑ ለጥፎ።
ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፤ በድሮው ሸንጎ
ዳኛውም «ወንበር» ይባል ነበር አሉ።
ይኸው እኔ በወንበር፣ እሱ በእግሩ፣
በግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነገሩ፣
ምስክር የለ፣ ጠበቃ የለ።
ስልኩን አወጣና አንሾካሾከበት፤
ስልኩም በአማርኛ፣ ጉሮሮ በሌለው ድምፅ፣
«ሥራዬ ማንን ይመስላል?» አለኝ።
«ምን ይመስላል» ሊል ፈልጎ እንደሆነ ገብቶኛል፤
ግን የተጠየቅሁትን መለስኩ።

«የእናትህ በር፣» አልኩት፣ «ከግርጌው፣ በስተግራ፣
ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ፣ የጫማ አፍንጫ የሚያህል።
ዘጠኝ ቀን አየሁት።
ማነው በእርግጫ ያለው?»

ስልኩ ዘገየ። ቆይቶ ተናገረ።
የሺንጎ ጆሮው ቀላ፣
በሌባ ጣቱ ደረቱን ነካ፤
ዐሥሩን ጣት ዘረጋ፣ ደግሞ አምስት ጨመረ፣
ያኔ የነበረውን ዕድሜ።
ከዚያ ስልኩን ኪሱ ከተተና ዝም አለ።
እንባ ይሁን ላብ፣
በዚህ አገር ወበቅ ማን ይለያል።

በማግሥቱ በእጁ ምልክት «ተነሺ» አለኝ።
ወንበሬን ወረቀት አለበሰ፣
ከሰሉን በቀስታ ሳበ፣ መለሰ።
ስንጥቋ ወጣ፤ የሲጋራው ጠባሳ ወጣ፤
ከእኔ በፊት የነበረች አንዲት፣ ማን እንደሆነች እንጃ፣
በሚስማር የጫረችው «ፀ» ወጣ፣
ሁለት ዓመት ተቀምጬበት ያላየሁት።
«ዐሥራ ሁለተኛ በር» ብሎ ሰቀለው።

ዛሬ ከሥሩ ተቀምጫለሁ።
አንድ ሰውዬ ሥዕሉን አየ፣ እኔን አየ፣
«ወንበሩም የኤግዚቢሽኑ ነው?» አለኝ፣
እጁን ወደ መደገፊያው እየሰደደ።

«አትንኩ!» አልኩት፣
በአራተኛው ቋንቋ፣
በራሴ።