የዱባ ፍሬ

ሜትሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ተረከዜ ጋ ሲደርስ ነቃሁ።
«ምን ትለካለህ በሌሊት?» «ተኚ» አለኝ። በጨለማ ሳቅሁ።
ሰው እንዲህ የሚለካ ለሠርግ ልብስ ነው፣ ወይ ለከፈን፤
እኛ ለአንዱ አርጅተናል፣ ለሌላው ገና ነን።

ጠዋት በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ሥዕሉን አሳየኝ፦
ከፊት ድብልብል፣ ከኋላ ሹል። «የእንባ ዘለላ» አለኝ።
«ከመኪና ኋላ የምትጎተት፣ ሁለት ሰው የምታስተኛ፣
ከጅራቷ ክዳን ሥር ምድጃ ያላት። ሌላ ማንም፤ እኛ።»
እንባ አልፈልግም አልኩት፤ እንባ አላነሰም በቤቱ።
የዱባ ፍሬ በላት፤ ይኸው ወገቡ፣ ይኸው አናቱ።

ስሙ ወሰንየለህ ነው። ወሰኑ ግን ይታወቃል፦
ከሠራተኛ ሰፈር ሶማሌ ተራ፤ እዚያ ሲደርስ ይመለሳል።
አርባ ዓመት የሰው በር ገጠመ፣ የሰው መስኮት ሠራ፤
ውጭ አደረ ቢባል ለቅሶ ድንኳን ነው፣ ከካርታ ተጫዋች ጋራ።

ጎማዎቹ የፊያት ስድስት መቶ ናቸው፣ የሦስት ቀን ክርክር።
አክሰሉን ከየት አመጣኸው አልልም፤ አንዳንድ ነገር ባይነገር።
ቆርቆሮውን ግን አውቀዋለሁ።
ፒያሳ ሲፈርስ ከየሱቁ ግንባር የወረደ ታፔላ ነው፤
በኪሎ ሸጡለት። ጽሑፉን ፋቀው እንጂ አልኩት።
«ወደ ውስጥ ይዞራል» አለኝ፤ «በውጭ ብር፣ በውስጥ ፊደላት።»

እንግዳሸት በአጥሩ ቀዳዳ፦
«ይሄ ደግሞ የዶሮ ቤት ነው፣ ወይስ የሬሳ ጓዳ?»
ልጇ ሹልክ ብሎ ገብቶ ተኛበት፤ ሰፈሩ ሲፈልገው ዋለ፤
ማታ ዓይኑን እያሸ ወጥቶ «ባሕር ውስጥ ነበርኩ» አለ።

ክረምት ገባ። ኮምፔርሳቶው አበጠ። ኮላው እምቢ አለ መድረቅ።
የጡረታዋ ብር በብሎን አለቀች፤ ዘይት በብርጭቆ ገዛን፣ በነሐሴ።
አኩርፌ ነበር። ግን መጋረጃውን ማን ሰፋው?
እኔው፣ በገዛ ቀሚሴ።

መስከረም ሲጠባ ጎተትናት።
የግቢው በር ጋ ቆመች። አንድ ስንዝር በለጠችው ስፋት።
አርባ ዓመት በር የለካ ሰው ራሱን ይዞ ተቀመጠ፤
«ወይ አናጢ!» የእንግዳሸት ሳቅ ግቢውን አናወጠ።
ከዚያ ገብታ ዲጂኖ ይዛ ወጣች። «ግንቡ በኔ ወገን ነው፤
ለማንኛውም ይፈርሳል ተብሏል» ብላ መጀመሪያ እሷ መታችው።

የምንተስኖት ላዳ ጎተተን። አራት ኪሎ ላይ ትራፊኩ አስቆመ፤
ዞራት። ጎንበስ አለ። በጣቱ ኳኳት። ደግሞ ቆመ።
«ታርጋዋስ?»
ወሰንየለህ ኋላዋን አሳየው፤ የበራችን ሰሌዳ፣ በአራት ምስማር፦
የቤት ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሰባት።
«ቤት ነው እንዴ?»
«ቤት ነው።»
«ቤት አይነዳም።»
«እስከ ዛሬ አልተነዳም ነበር።»
ልጁ ፊሽካውን ከአፉ አወጣ፤ አንዴ እኔን፣ አንዴ መጋረጃዬን አየ።
«ጥግ ጥጉን ሂዱ» አለ።

ሐሳባችን እንጦጦን አልፎ ሱሉልታ ነበር፣ ሣር ላይ።
የላዳው ፍሪሲዮን ስድስት ኪሎ ላይ ሸተተ፤ ምንተስኖት አለ «ዋይ!»
ገፍተን ጃንሜዳ አጥር ሥር አቆምናት። አንድ ውሻ አሸተተን፣ ሄደ።
ዘግይቶ የቀረ ዝናብ ከሰማይ ወረደ።

ባትሪውን አበራ። ከፊታችን በላይ፣ ክንድ በማይሞላ፣
ፒያሳ ተንጋላ፦
ግማሽ መንጋጋ ጥርስ፣ የሴት ጫማ ተረከዝ፣
«ዱቤ ነገ»፣
«የወንዶች ልብስ ስፌ…»፣
ከኔ ራስ በላይ ደግሞ፦ «ሰዓት ይጠ…»
ቀሪውን መገጣጠሚያው በልቶታል።
«ይጠገናል ነው» አለ እሱ፤ «ባለሱቁን አውቀዋለሁ፣ ጎበዝ ነበር።»
እኔ ሌላም ቃል ይመጣልኝ ነበር፤ ዝም አልኩ።

ባትሪው ጠፋ። ዝናቡ በብሩ በኩል ይመታል።
ከጎኔ ይገላበጣል፤ አንዴ በጀርባው፣ አንዴ በደረቱ፤
እግሩ ክዳኑን መታ፣ ምድጃው ጮኸ፣ ድስቱ።
ያኔ ገባኝ፦
ያን ሌሊት የኔን ቁመት ብቻ ነበር የለካው።
«ወሰኔ» አልኩት።
«እ?»
«ጉልበትህን አጠፍ አድርገህ ወደኔ ዙር።»
ዞረ።