አርባ ሰባት ቀን

ከጆርሃት ፍርድ ቤት፣ ከዋርካው ጥላ ሥር፣
ሠላሳ ዓመት ሆነኝ ስጽፍ የሰው ችግር።
የጽሕፈት መኪናዬ ሰባት ቁጥር የለው፣
ሰባት ሲመጣብኝ በእስክርቢቶ ነው።

ከማጁሊ ደሴት፣ በማለዳ ጀልባ፣
ደጁ ሳይከፈት፣ ሬጅስትራር ሳይገባ፣
ጁንቲ ታይድ መጣች፣ ፌስታል በደረቷ፣
ውሃ የነካው ፍርድ፣ ጭቃ እስከ ጉልበቷ።

"ይግባኝ ልል ነው" አለች።
"ስንት ቀን አሳለፍሽ?"
"አርባ ሰባት።"
"እንግዲያ ቁጭ በይ። ብዙ ነው የምጠይቅሽ።"

በኛ ፍርድ ቤት ወግ፣ ያረፈደ ሁሉ
ይናዘዛል ቀኑን፣ እያንዳንዱን፣ ሙሉ፤
ያንዱ ቀን ምክንያት ለሌላው አይበደር፣
አንድ ቀን ከጎደለ ይዘጋል ያ በር።

ወረቀት አስገባሁ። "ቀን አንድ" ብዬ ጻፍኩ።
"አልሰማሁም" አለች። "አልሰማችም" አልኩ።
"እስከ ዘጠነኛው ጠበቃው ዝም አለ፣
ስልኩ ይጠራል እንጂ የሚያነሳው የለ።
ባሥረኛው ወንዝ ገባ፤ ፈቃድ አልጠየቀ፣
ይግባኝ ሳይል ገብቶ ቤት አጥለቀለቀ።
ጀልባው ቆመ። ኒማቲ፣ ወደቡ ተዘጋ።
አሥራ ሦስት ሌሊት ቆርቆሮ ላይ ነጋ።"

"ሃያ ሦስት?"
"ላሚቱን ፍለጋ" አለች።
"ሃያ አራት?"
"ተገኘች። ዛፍ ላይ ተሰቅላ ነበረች።
ከዚያ የልጅ ትኩሳት፣ አምስት ቀን የጸናው፣
ሠላሳኛው ደግሞ ፍርዱን ፀሐይ ሳሰጣው።"

"ሠላሳ አንድ?"

ዝም።

ጣቴ ቁልፉ ላይ ነው። "ሠላሳ አንድ" አልኩ።
"ተቀመጥኩ።"
"ምን ልትሠሪ?"
"ምንም። ብቻ ተቀመጥኩ።
ጀልባው ጀምሮ ነበር፤ ሒሳቡም ነበረኝ፣
ተነሥቼ ልሄድ፣ ጉልበቴ እምቢ አለኝ።
ውሃው ሲጎድል አየሁ። መሸ። በማግስቱ
ግልባጭ ልጠይቅ ወጣሁ፤ እስከ ትናንቱ
ተመላለስኩበት።"

ይህችን ቀን አውቃታለሁ።
በየሰው መዝገብ ውስጥ ተደብቃ አይቻለሁ።
"በቂ ምክንያት" ይላል ሕጉ፤ "ደከመኝ" አይልም፣
መቀመጥ የሚባል ሰበብ አያውቅም።
መድኃኒቷን ደግሞ ጣቴ ይጽፈዋል፦
ወባ። ከጎን ሱቅ የሐኪም ወረቀት ይገዛል።

"ወባ ልበል?" አልኳት።

ዓይኔን አየች፣ ቆይታ። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦
"የባሌ ወንድም ነው ለዚህ ያበቃኝ።
ኮማል በሞተ ወር፣ ቢሬን ያመጣው ውል፣
'መሬቱን ሸጦልኝ አትሞበታል' ሲል፣
ባሌ ያላተመው የባሌ አውራ ጣት።
ውሸትን ልከስስ፣ በውሸት ልግባበት?"

"መሬቱስ?"
ሳቀች። "ግማሹን ወንዝ በላው።
የተረፈን ቢባል፣ ሦስት ቀርከሃ ነው።"
"ታዲያ ለምኑ ነው?"
"ኮማል አልሸጠም። ይኸው ነው።"

ጻፍኩት እንዳለችው፦ "በሠላሳ አንደኛው ቀን
አመልካች ተቀመጠች።" ነጥብ። ሌላ ሳልጨምር።
በገጽ አሥር ሩፒ፣ አራት ገጽ። ከፈለች።
ተቀበልኩ። የኔም ልጅ ትምህርት ቤት ትከፍላለች።

በቀጠሮው ዕለት ከኋላ ቆሜ አየሁ።
ዳኛው ገጽ ገለጡ፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ
መነጽር አወለቁ፣ መነጽር መለሱ።
የቢሬን ጠበቃ፣ "ለመልስ ጊዜ" አለ፤
ሁለት ወር ተሰጠው። "ለምን?" ያለው የለ።
ፍርዱ ራሱ ሲወጣ ስድስት ዓመት ፈጅቷል፤
እሱን ቀን በቀን ቁጠር ያለው ማን ይገኛል?

እሷ ግን ወጣችና "ጀልባው" ብላ ሮጠች፣
ፌስታሏን በደረቷ፣ ዋርካውንም አላየች።

መዝገቡ እዚያ አለ፣ ከክምሩ መሐል።
አርባው በመኪና ነው። ሰባቱ በእጄ ተጽፏል።
በኛ ፊደል ሰባት ትንሽ ጎንበስ ይላል፣
ጉልበቱን አቅፎ
የተቀመጠ ሰው ይመስላል።