ቀዳዳ ያለው ካርታ

አንድ ክፍል ብቻ ነበር ትምህርት ቤታችን፣
ምድጃው ዙሪያ ይንጠለጠላል የራሰው ካልሲያችን።
ቺሎዬ ደሴት ላይ ዝናብ እንግዳ አይደለም፤
ሲመጣም ሲሄድም ደህና ዋሉ አይልም።
አሥራ አንድ ነበርን፤ ትልቁ ስምንት ዓመት፣
ትንሿ ኢርማ ስድስት፣ አባቷን ባሕር የወሰደባት።

መምህር ኤዱቪና መጽሐፉን ገለጠች፣
ባንዲራ፣ ፕሬዚዳንት፣ የጦር ጀግና አየች፣
ትንሽ አሰበችና
መልሳ ከደነች።
«ከቤታችሁ ደጃፍ ተነስታችሁ እዚህ እስክትደርሱ
ምን አለ? ማን አለ? በሉ አሁን አስታውሱ።»
የዱቄት ወረቀት ከረጢት ቀድዳ ዘርግታ፣
«ሳሉት» አለችን፤ እንዲህ ተጀመረ ያ ካርታ።

ማይቴ ጀልባዋን ሳለች፣ ሐሙስ የምትመጣውን፣
ሊሳንድሮ ድልድዩን፣ ሁለት ሳንቃ የጎደለውን፤
«ማን ይሥራው?» ብሎ ጻፈበት፣ ፊደል እየገደፈ፤
ያ ጥያቄ ሳይመለስ ክረምቱ አለፈ።
እኔ፣ ኖልቤርቶ ቺጓይ፣ የሳልኩት ውሻ ነው፣
የዶን አርሴኒዮን ውሻ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ የሚበልጠው።
ሳቁብኝ። መምህሯ ግን ላጲስ አላነሳች፤
«ለሚፈራው ሰው ልኩ ይኸው ነው» አለች።
ኢርማ አንድ ቤት ብቻ፣ ባሕሩ አፍ ላይ፣
አራት መስኮት ያለው፣ ጭሱ ከሩቅ የሚታይ።

በዚያ ዓመት ባሕሩ አጥሩን በልቶ ነበር፤
ለደጃፉ የቀረው አሥር እርምጃ አፈር።
እናቷ በየቤቱ ዞረች፣ በር እያንኳኳች፣
«ቤቴን ወደ ኮረብታው አውጡልኝ» እያለች።
ሚንጋ ይባላል ደቦው፤ ገንዘብ የለበትም፣
ድንችና ዓሣ ይበላል፣ ሂሳብ ማንም አይጽፍም።

ረቡዕ ዕለት ክፍሉ ተዘግቶ ወጣን፣
መምህሯ በጭቃው ላይ እንደ ዝይ ነዳችን፤
«ጩኸት አይፈቀድም፤ መቁጠር ግን ይቻላል፤
ስንት ሰው መጣ? ስንት ገመድ? ማን ማንን ይጠራል?»

ቆጠርን።
ስድስት ጥማድ በሬ፣ አርባ ሁለት ሰው፣
ግንዱ እንደ እግር ሆኖ ቤቱን የሚያስኬደው።
ከፊት፣ ከሁሉም ፊት፣ የማውቃቸው ቀንዶች፤
የአባቴ በሬዎች።

አባቴ፣
ከኢርማ አባት ጋር በአጥር ተጣልቶ
አራት ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነስቶ፣
በለቅሶውም ዕለት ደጅ ቆሞ የቀረው፣
አባቴ ነው አሁን ገመዱን ትከሻው ላይ ያሠረው።
ጭቃው ውስጥ እጄን አወጣሁ፣ ክፍል ያለን መስሎኝ፤
«መምህር፣ ታረቁ ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅሁኝ።
አየችው። ዝም አለች። አሁንም አየችው።
«አላውቅም» አለችኝ።
ይህን ቃል ከመምህር አፍ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ቤቱ ወጣ። መጋረጃው እንኳ አልወለቀም፤
ድመቷ በመስኮት ታየናለች፣ አልዘለለችም።

በማግስቱ ካርታው ውሸታም ሆኖ አደረ፤
የኢርማ ቤት ባሕሩ አፍ ላይ ተገትሮ ነበረ።
«ይጥፋ» አልን። «እውነቱ አሁን ኮረብታው ላይ ነው።»
«አይጠፋም» አለች። «አባቴ የሚያውቀው እዚህኛውን ነው።»

ድምፅ ተሰጠ። አሥር እጅ ለማጥፋት፣ አንድ ለማቆየት።
የእኔም እጅ ከአሥሩ ነበረች፤
ስልሳ ሞልቶኝም ትከብደኛለች አንዳንድ ሌሊት።
«ብልጫው አሸነፈ» አልን፣ ላጲሱን አንስተን።
«አሸነፈ» አለች መምህሯ፣
«አንዷንስ ምን እናድርጋት?» ብላ ጠየቀችን።
ማንም አልመለሰም። ምድጃው ብቻ ተንጣጣ።
ኢርማን አየናት መቀስ ይዛ ስትመጣ።
ቤቷን ዙሪያውን ቆረጠች ምላሷን ነክሳ፣
ኮረብታው ላይ ለጠፈችው በዱቄት ሊጥ አርሳ።
ታች ቀዳዳ ቀረ፣ በቤት ቅርጽ፣ አራት ማዕዘን፣
ግድግዳው በውስጡ የሚታይ፤ ነካክተን ነካክተን
ጣታችን ለመደው።

አንድ ቀን ተቆጣጣሪ መጣ ከከተማ፤
ኮቱ ደረቅ ነበር፣ ዝናቡን ማን እንዳባረረለት እንጃ፣
ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ ለምድጃ።
«ይህ ምንድን ነው?» አለ፣ እስክሪብቶውን ቀዳዳው ውስጥ ሰዶ።
ኢርማ ብቻ፣ ዓይኗ ወደ ወለሉ ወርዶ፣
«ቤታችን ነበረ» አለችው። «አሁን ነፋስ ነው ያለው።
ተከራይ ነው።»

ጻፈ፦ «የመንደር ካርታ፣ ብዛት አንድ፣ የተቀደደ፤ ይተካ።»
መምህር ኤዱቪና ከሥሩ ፈረመች፣
ካርታውን ሳትነካ።