ሦስት ማርክ

ማክሰኞ ፈረምሁ፤ ረቡዕ ቫን አሳዩኝ፣
የሌላ ሰው ትከሻ የለመደ ሰደርያ አለበሱኝ።
አሠልጣኜ ሚርሳድ፣ ቦስኒያዊው ሽበቶ፣
ያስተምረኝ ጀመር ሲጋራውን አጥፍቶ፦

«የመጨረሻውን ቀድመህ ጫን፣ የመጀመሪያውን በኋላ፤
ሩጫ አያዋጣም፣ ጉልበት ነው የሚበላ።
ሰው ጠፋ ብለህ አትመለስ፣ ምድር ቤቱን ሞክር፣
የትም የማይሄድ ሽማግሌ አይጠፋም ከዚያ በር።
ውሻ ካለ ደግሞ…»
አልጨረሰውም። እጅጌውን ሰብስቦ ጠባሳውን አሳየኝ።

እኔ፣ አሥራ አንድ ዓመት ደብረ ታቦር ላይ
ካርታ ሰቅዬ፣ ወንዙን በሰማያዊ ጠመኔ ስዬ፣
«የሩር ሸለቆ በምን ይታወቃል?» ብዬ፣
«በድንጋይ ከሰል» ላለ ሦስት ማርክ የሰጠሁ፣
አሁን በዚያው ሸለቆ፣ ዶርትሙንድ መሀል፣
«ወደ ግራ ታጠፍ» ይለኛል ስልኩ።
እታጠፋለሁ።

ዓርብ። የመጨረሻው ጥቅል። አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም።
ሚርሳድ ቫኑ ውስጥ ቀረ፣ «ይቺ ያንተ ናት» ብሎ።
በሩን የከፈተው ሽማግሌ ከእኔ ብሶ ያለከልካል፣
ደረጃውን የወጣው እሱ ይመስል።
አፍንጫው ሥር ቀጭን ቱቦ፤
ጥቅሉ ውስጥም ሌላ ቱቦ ነው መሰለኝ።
«ሠላሳ ዓመት ከመሬት በታች» አለ፣ ሳልጠይቀው፣
ደረቱን በጣቱ መታ መታ አድርጎ።

በዚያው ጣት ማሽኑ ላይ ፈረመ፤
ፊርማው እንደ ወንዝ ተጣመመና ከመስመር ወጣ።
አላረምሁትም።
ሦስት ማርክ ብቻ ነበር የሰጠሁት።

ከታች ሚርሳድ ጥሩምባ ይነፋል፤
ከነገ ጀምሮ ብቻዬን ነኝ።