ስልሳ ከኩሬ ሰባት

ሚያዝያ ነው፤ ዝናብ ነው፤ ስኮማ ወንዝ ሞልቷል፤
የጥዱ ጫፍ ሁሉ ጉም ውስጥ ተሸሽጓል።
ዶክተር ቤርኒስ ታልቦት ከመኪናዋ ወርዳ
ጠረጴዛ ዘረጋች በሲሚንቶው ሜዳ፤
ሚዛን፣ መቀስ፣ ማስመሪያ፣ የቅርንፉድ ዘይት፣
አንድ ባልዲ ውኃ፣ አንድ የእጅ መብራት።
«ስልሳ አምጣልኝ፣ ዌንደል። እንዳትመርጥ፣ አደራ።»

መረቡን ሳወርደው ጥላዬን አይተው
ወደ ላይ ጎረፉ፣ ምግብ መስሏቸው።
አልመረጥኩም እኔ፤ ቀድሞ የመጣ፣
የዋሁ ነው እንጂ፣ እሱ ነው የወጣ።

ቅርንፉዱ ይሸታል፤
ጥርሴን ባመመኝ ሌሊት እናቴ ድዴን የቀባችኝ፣
ያው ሽታ ነው ከባልዲው አፍ የሚወጣው።
አንድ በአንድ በጎናቸው ይጋደማሉ፤
አንዱ ብቻ ጅራቱን ጥቂት ያርገፈግፋል፤
ከዚያ እሱም ያርፋል።

አንድ። ርዝመት፣ መቶ ሠላሳ ሁለት። ክብደት፣ ሃያ አራት ግራም።
እሷ ትጠራለች፣ እኔ በእርሳስ እጽፋለሁ፤ ወረቀታችን ውኃ አይፈራም።
ዓይኑ አልፈዘዘም። ስንጥቡ ቀይ፣ እንደ እንጆሪ።
የጀርባ ክንፉ ተሸርፏል፤
ያ የእኛ ጥፋት ነው፣ የግድግዳው።
የልጅነት ጥቁር መስመሩ ደብዝዞ ብር መስሏል ጎኑ፤
ገላው ባሕር ባሕር ይላል፣ ገና ሳይደርስ ቀኑ።

ከዚያ መቀሱ። ሆዱ እንደ ደብዳቤ ይከፈታል።
ስቡ ነጭ፣ አንጀቱን አቅፎ። ጉበቱ ደህና።
ሐሞቱ ላይ ስትደርስ ግን ቀና ብላ አየችኝ፤
የጾመ ዓሣ ሐሞቱ ይጠቁራል፣ የዚህ ግን ውኃ መስሏል።
«አታብላ ብዬህ አልነበረም?»
የእኔ ሐሞት ፈሰሰ።
ትናንት ማታ፣ አንድ እፍኝ ብቻ፤ ስለማልችል።

በመጨረሻ ኩላሊት፤
ከአከርካሪው ሥር የተጋደመ ጠቆር ያለ ቀይ ክር።
ልብ ያሰበውን፣ ኩላሊት ያጤሰውን ፈጣሪ ያውቃል ይባላል፤
ቤርኒስ በመቀስ ታያለች።
የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል ነጭ ነጥብ ከተገኘች
መቶ ሺህ ነፍስ ወንዙን ሳያይ ይቀራል።

አርባ አንደኛው ላይ እጇ ቆመ።
ዝናቡ ብቻ ነበር የሚናገር።
መብራቱን አቀረብኩላት።
ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ ይኸው ሊወጣ ነው፣ አልኩ በሆዴ።
«ስብ ነው» አለች። «ስብ ነው፣ ዌንደል። ጻፍ፦ ጤነኛ።»
ጻፍኩ። ያቺን ቃል ዛሬም ከእኔ በቀር የሚያነባት የለም።

ስልሳው በከረጢት፣ በበረዶ፣ ቁጥር ተለጥፎባቸው ሄዱ።
በዘጠነኛው ቀን ከላቦራቶሪ ተደወለ፦
ንጹሕ ናቸው፤ ይለቀቁ።
ኦርቪል ቆቡን ወደ ዝናቡ ወረወረ።

ቅጹ ሃያ ሦስት ዓምድ አለው፤ ቆጥሬዋለሁ።
ስለ ጥላ የሚጠይቅ ግን የለም።
ጥላ ሲያርፍባቸው ሽቅብ እንደሚመጡ፣
አሥራ አራት ወር ሙሉ በእኔ ጥላ ሥር እንደበሉ፣
ሳቢሳም ጥላ እንዳለው
የትኛው መቀስ ያወጣዋል?
ኩላሊታቸው ውስጥ የለም።
በሽታው እጄ ላይ ነው፣ እፍኙ ላይ።

አመሻሽ ላይ መዝጊያውን አነሳን።
ውኃው ሄደ። እነሱ ቀሩ፣ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው።
ግራጫው ሳቢሳ ከታች፣ ከወደቀው ግንድ ላይ፣
ደመወዙን እንደሚጠብቅ ዘበኛ በአንድ እግሩ ቆሟል።
«ሂዱ» አልኩ። ኦርቪል ሳቀ።

ጠጠር አነሳሁ፤
አንድም ቀን ወርውሬባቸው አላውቅም።
ልጁ ዓሣ ቢለምነው እባብ ስለሚሰጥ አባት ሰምቻለሁ፤
ዓሣው ራሱ ሲለምን ምን እንደሚሰጠው ግን
የነገረኝ የለም።

ወረወርኩ።
ውኃው ተንቦጫረቀ፣ ቀለበቱ ሰፋ፤
በቀለበቱ መሃል፣ አፋቸውን ከፍተው
ሁሉም መጡ።